የወንድሜ ሣልስት በአትላንቲክ ሲቲ

እናቴን አትላንቲክ ሲቲ የወሰድኳት ላዝናናት ብዬ አይደለም። ቤት እንዳትውል ብዬ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሞቶ ነበር። እሷ አልሰማችም፤ እንድትሰማም አልተፈቀደም። ወደ አገሯ ልትመለስ ደግሞ የቀራት ጥቂት ቀን ነበር።

አሜሪካ የመጣችው ልታርሰኝ ነው። ሦስት ጊዜ ቪዛ ከልክለዋት በአራተኛው ሰጧትና የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ደረሰችልኝ። ስድስት ወር ሙሉ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን ተቀምጣ ልጄን አጠበች፣ እኔን ገንፎ አበላች፣ ባሌን "ይህ ልጅ ከሳ" እያለች ሱሪው እስኪጠበው አወፈረችው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እኔ በሰባት ዓመት ያላወቅኳቸውን የሕንጻችንን አበሾች በሙሉ በስድስት ወር አወቀቻቸው። ማን መቼ እንደመጣ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ከእሷ ነበር የምሰማው። ደስ ይለኝ የነበረው ይህ ጸባይዋ በመጨረሻው ሳምንት መከራዬ ሆነ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም የሚኖሩት ከእኛ ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ነው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጡ ሰው ናቸው። አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤተሰባችን ነገር ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የሚያልቀው፤ ሠርጉም፣ እርቁም፣ መርዶውም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሲደወል ለእኔ አልተደወለም፤ ለእሳቸው ተደወለ። እኛ ዘንድ የሞት ወሬ ለቅርብ ሰው በስልክ አይነገርም። መጀመሪያ ሽማግሌ ይሰማል፣ ሽማግሌው ሰው ይሰበስባል፣ ከዚያ በኋላ ነው ለባለቤቱ የሚነገረው። ይህን ወግ ያወጣው ሰው ደግ ሰው ነበር መሰለኝ። ማንም ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ አስቧል። ችግሩ ያ ደግ ሰው አውሮፕላን የሚባል ነገር አያውቅም።

እሑድ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ። አጎቴ ኮል አደረጉልኝና "ሺፍትሽ ሲያልቅ በእኛ በኩል እለፊ" አሉኝ።

"ደህና ናችሁ ጋሼ?"

"ደህና ነን፤ ምሳ አለ።"

ሄድኩ። በራቸው ላይ የጫማ ክምር አየሁ። አጎቴ ቁጥብ ሰው ናቸው፤ እሑድ ከሰዓት ያን ያህል ጫማ የሚሰበስብ ግብዣ እሳቸው ቤት እንደማይኖር አውቃለሁ። ገና ከበሩ "ማነው?" እያልኩ ነው የገባሁት።

ወንድሜ ነበር። ቅዳሜ ከደብረ ዘይት ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እሑድ ቀትር ላይ ቀብረውት፣ እኔ ስሰማ አፈር ከለበሰ ሰዓታት አልፈውታል።

አለቀስኩ። ሴቶቹ ይዘውኝ፣ ወንዶቹ ዙሪያዬን ቆመው፣ እስኪወጣልኝ አስለቀሱኝ። ከዚያ አጎቴ እጃቸውን አነሱና ጨዋታው ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ።

"ቲኬቷ ሐሙስ ነው" አሉ። "ሄዳ እቤቷ ትረዳ። እኅቶቿ አሉ፣ ጎረቤት አለ፣ መቃብሩ አለ። ደም ግፊት ያለባት ሴት ናት። እዚህ ነግረናት አውሮፕላን ላይ ብቻዋን አንድ ነገር ብትሆንስ?"

"ቲኬቱን ቼንጅ እናደርገዋለን። ዛሬ እንንገራትና ነገ ትሂድ። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ።"

"ጡት የሚጠባ ልጅ ለማን ጥለሽ? ደግሞስ ቀብሩ አልፏል ልጄ። ምን ላይ ትደርሳለች?"

ማንም አልተቃወማቸውም። ከአለቆቼ ጋር ስጨቃጨቅ የምውል ሰው፣ በአንድ ሰዓት ኦቨርታይም ሱፐርቫይዘር ያንቀጠቀጥኩ ሰው፣ እዚያ ሶፋ ላይ እንደ ሕፃን "እሺ" አልኩ። ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ አጠቡኝ፣ ዐይኔ ላይ ጠብታ ጨመሩልኝ፣ "አለርጂ ነው በያት" ብለው ወደ ቤቴ ላኩኝ። አለርጂ ነው አልኳት። እናቴ ዐይኔን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች "ይህ አገር አየሩም ጤና የለው" አለችኝ።

ያኔ የስልክ ካርድ ዘመን ነበር። እናቴ በየሁለት ቀኑ ከወንድሜ ጋር ታወራለች። ሰኞ ጠዋት ካርዷን ይዛ መጣችና ቁጥሩን እንድመታላት ጠየቀችኝ። አውቄ የተሳሳተ ቁጥር መታሁ። ሦስት ጊዜ። "የአገር ቤቱ መስመር ተበላሽቷል" አልኳት። "ይሁን፤ አርብ ራሱ ሊቀበለኝ ይመጣ የለም እንዴ" አለችና ለእሱ የገዛችለትን ጃኬት ከሻንጣው አውጥታ፣ አራግፋ፣ እንደገና አጣጥፋ መለሰችው። እኔ ልጄን አቅፌ ወደ መኝታ ቤት ገባሁና ትራስ ነክሼ አለቀስኩ።

ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። በቀዳዳው ሳይ የላይኛው ፎቅ ሴትዮ ጥቁር ለብሰው፣ ድስት ይዘው ቆመዋል። ወሬው ከአሌክሳንድሪያ ወንዙን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሷል ማለት ነው። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁና በሹክሹክታ "አልሰማችም" አልኳቸው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ድስቱን አስጨበጡኝና ተመለሱ። ለእናቴ "ልትሄጂ ነው ብለው ምግብ ላኩልሽ" አልኳት። ክዳኑን ከፍታ አየች፣ መረቀቻቸው፣ "እንደ አገር ቤት ሰው ናቸው እኮ" አለች። የልጇን የለቅሶ ምግብ በደስታ በላች። እኔም አብሬያት በላሁ።

ያን ቀን ማምሻውን አጎቴ ደወሉ። "ነገ ሣልስቱ ነው፤ ሰው ይበዛል" አሉ። "ግማሹ እኔ ጋ ቢመጣ ግማሹ ተሳስቶ አንቺ ጋ ነው የሚመጣው። ጠዋት ይዘሻት ከዚያ ውጪ።" የት እንደምወስዳት ስናስብ ባሌ አትላንቲክ ሲቲን አመጣ። ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ የካሲኖ ሰው የሚያመላልስ አውቶቡስ አለ። ባሕር አለ፤ እናቴ ባሕር አይታ አታውቅም። አበሻ ደግሞ አይበዛበትም። ልጁን እሱ ሊይዝልኝ ተስማማን። እናቴ ስትሰማ በደስታ እልል ልትል ምንም አልቀራት። "ልሸኝሽ ብለሽ ነው? ለምን ትደክሚያለሽ?" አለችኝ።

አውቶቡሱ በሽማግሌዎች የተሞላ ነበር፤ ቻይናዎች፣ ጥቁር አሜሪካኖች፣ የሚያስሉ፣ ከዘራ የያዙ። እናቴ እየዞረች አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም ሰላም አለች። የት እንደሚሄዱ ስትጠይቀኝ "ሊጫወቱ" አልኳት። "በዚህ ዕድሜያቸው?" አለች። ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ተጓዝን። ግማሽ መንገድ ላይ ጡቴ ሞልቶ ሸሚዜን አረጠበው። ጃኬቴን ቆልፌ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

መጀመሪያ ባሕሩን አሳየኋት። ጥቅምት ስለነበር ነፋሱ ይበርድ ነበር፤ በጃኬቷ ላይ ነጠላዋን ደርባ አሸዋው ላይ ቆመች። ማዕበሉ መጥቶ ጫማዋን ሲያረጥበው ጮኻ ሸሸች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ራሷ ሄዳ አስነካችው። እንደዚያ ስትስቅ ከልጅነቴ ወዲህ አይቻት አላውቅም። "ወንድምሽ ይህን ቢያይ ልብሱን አውልቆ ነበር የሚገባበት" አለችኝ። "አዎ" አልኩ። በአዲስ አበባ ሰዓት ሲሰላ ለሣልስቱ የመጣው ሰው አሁን እየተሰናበተ ነው። ስለ ወንድሜ የሚጸልየው ሁሉ ጸልዮ፣ የሚያለቅሰው ሁሉ አልቅሶ ወደየቤቱ ሲሄድ የወለደችው ባሕር ዳር ቆማ ትስቃለች። ያሳቅኳትም እኔ ነኝ።

ሲበርደን ወደ ካሲኖው ገባን። ምንጣፉ ቀይና ወርቃማ፣ ጣሪያው መብራት ብቻ፣ ሰዓት የሚባል ግድግዳው ላይ የለም። በየአቅጣጫው ማሽን ይጮኻል። እናቴ ከደጃፉ አማተበች። አፍንጫቸው ላይ የኦክስጂን ቱቦ የተሰካላቸው አሮጊት ነጭ ሴት አንዱ ማሽን ፊት ተቀምጠው ቁልፉን ይጫናሉ። እናቴ ቆማ አየቻቸው። "ልጅ የላቸውም? ታመው ማን ለቀቃቸው?" አለችኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

የአውቶቡሱ ሰዎች እዚያ በሳንቲም የሚመነዘር ወረቀት ሰጥተውን ነበር። መነዘርኩና ሳንቲሙን በላስቲክ ጽዋ አድርጌ ሰጠኋት። "ይህ ቁማር አይደለም ወይ? የንስሐ አባቴ ምን ይሉኛል?" አለች። "ካልፈለግሽ ይቅር" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "ሰው የሰጠውን መመለስም ነውር ነው፤ ሰጪዎቹን እንዳናስቀይም አንዴ ልንካው" አለች። ካሲኖ ያስቀይማል ብላ የተጨነቀች የመጀመሪያዋ ሰው እናቴ ሳትሆን አትቀርም። ወንበሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠችና ሳንቲሙን ከተተች። ቁልፉን ከመጫኗ በፊት ዞር ብላ "በማን ዕድል ልምታው?" አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ "በልጄ ዕድል" አለችና የወንድሜን ስም ጠርታ ተጫነችው።

ማሽኑ ጮኸ። መብራቱ ተሽከረከረ፣ ሳንቲሙ እየተንኳኳ ይወርድ ጀመር። ብዙ አልነበረም፤ ጽዋዋን ግን ሞላው። "አላልኩሽም! እሱ ከልጅነቱም ዕድለኛ ነው!" ብላ እጇን አጨበጨበች። በአጠገባችን ያሉት ሰዎችም አብረዋት አጨበጨቡ። ከዚያ በላይ መቆም አልቻልኩም። "ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ፣ ከዚህ እንዳትነሺ" ብያት ሮጥኩ።

የሴቶቹ መታጠቢያ ክፍል ትልቅ መስታወትና ሶፋ ያለው ነበር። መስታወቱን ተደግፌ ድምፄን ለቀቅኩት። የጽዳት ጋሪ የያዘች፣ ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ከኋላዬ መጣችና ትከሻዬን ነካችኝ። አንገቷ ላይ ማዕተብ አየሁ።

"አበሻ ነሽ አይደል? ምን ሆንሽ የኔ እናት?"

ነገርኳት። በሦስት ቀን ውስጥ አፌ ላይ የቆየውን ሁሉ ለማላውቃት ሴት አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ "እናትሽ አሁን የት ናቸው?" አለችኝ።

"ውጪ፣ ማሽኑ ጋ።"

"በልጃቸው ሣልስት?"

ሴትየዋ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ ደረቷን በቀስታ እየመታች ማልቀስ ጀመረች። የሚያለቅስለት የለም ብላ ነው መሰለኝ ለማታውቀው ልጅ ያለቀሰችው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። በሩ ሲከፈት ቀና አልኩ። እናቴ ጽዋዋን እንደያዘች ቆማለች።

"ምን ሆናችኋል? ምን ሆናለች ይህቺ ልጅ?"

ልነግራት ነበር። ዛሬም እምላለሁ፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ሴትየዋ ቀደመችኝ። ወደ እኔ ሳታይ "ወንድሜ ሞቶብኝ ነው እማማ። ዛሬ ሣልስቱ ነው" አለች።

እናቴ ጽዋውን መሬት አስቀመጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ አዘቀዘቀችውና እንደ ለቀስተኛ ለበሰችው። መጥታ ከሴትየዋ አጠገብ ተቀመጠች።

"ስንት ዓመቱ ነበር ልጄ?"

"ሃያ ስድስት።"

"የኔ ልጅ እኩያ! ታሞ ነው?"

"በድንገት። መኪና ተገልብጦ።"

"ወየው! ሥራ ላይ ሆነሽ ለብቻሽ ታለቅሻለሽ? ሰው በሌለበት?" ብላ ሴትየዋን አቀፈቻት። ከዚያ እናቴ አለቀሰች። ጨዋታ አልነበረም፤ አልቃሽ የወጣበት አገር ልጅ ናት፣ ለቅሶ ታውቃለች። በዝግታ እየተወዛወዘች በዜማ እንዲህ አለች።

"ስሙንም አላውቅም፣ መልኩንም አላየሁ፣
እናቱን አስቤ እንባዬን አፈሰስሁ።"

እጃቸውን ሊታጠቡ የገቡ ፈረንጅ ሴቶች ቆመው ያያሉ። እናቴ ከቁም ነገር አልቆጠረቻቸውም። ደረቷን እየመታች፣ ደግማ ደጋግማ ይህንኑ አለችው። ሴትየዋ በእናቴ ጉልበት ላይ ተደፍታ ትንቀጠቀጣለች። እኔ ግድግዳው ተጠግቼ ቆሜያለሁ።

ትንሽ ሲበርድላት እናቴ "እናቱስ አለች?" ብላ ጠየቀች።

"አለች። አልነገሯትም። መንገደኛ ናት፤ እቤቷ ስትገባ ትረዳ ብለው ነው።"

እናቴ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። "ደግ አድርገዋል። እናት በሰው አገር አትረዳም። እቤቷ ትስማ" አለች። ሴትየዋ በእናቴ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። እኔ ያን ቃል እንደ ውዳሴ ማርያም በልቤ ደገምኩት። ራሷ ፈረደች አልኩ፤ እንግዲህ ጥፋት የለብኝም አልኩ።

እናቴ ግን አልጨረሰችም። እንደገና ጀመረች፤ እንዲያውም ድምፅዋ አሁን ነው የተከፈተው። ሰዓቴን አየሁ። የመመለሻው አውቶቡስ ሊሄድ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። ቢያመልጠን ኖሮ ምን እንሆን ነበር? ምንም። ልጄ አባቱ ጋ ነው፣ ሌላ አውቶቡስ ይመጣል። ግን ከዚያ በላይ ብትቆይ የምፈነዳ መሰለኝ። "እማዬ በቃ፣ አውቶቡሱ ያመልጠናል" አልኩና ክንዷን ይዤ አስነሳኋት። "ቆይ እንጂ፣ ሰው በለቅሶ መሐል ተጥሎ ይኬዳል?" አለችኝ። ጎተትኳት። ሴትየዋን ግንባሯን ስማ፣ "ያጽናሽ ልጄ፣ ነፍሱን ይማር" እያለች፣ ወደ ኋላ እየዞረች ወጣች። የሳንቲሙን ጽዋ እዚያው ረሳችው። መንገዱን ሁሉ አኩርፋኝ መጣች።

ሐሙስ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወሰድኳት። አጎቴም መጥተው ነበር፤ ጥቁር እንዳይለብሱ ሚስታቸው ሰማያዊ ሹራብ አልብሰዋቸዋል። የአውሮፕላን ማረፊያው ሠራተኛ በዊልቸር እየገፋት ሲወስዳት እየዞረች እጇን አውለበለበችልን። "ለወንድምሽ ምን ልበልልሽ?" አለችኝ። "ሳሚልኝ" አልኩ።

እቤቷ እንደ ደረሰች አልነገሯትም፤ አሳርፈው በማግስቱ ማለዳ ተረዳች። ስደውል ስልክ አላነሳችም። አርባው እስኪወጣ ድረስ አክስቴ ነበረች የምታነሳው፤ "ተኝታለች" ትለኛለች። ከአርባው በኋላ አንድ ቀን ራሷ አነሳች።

"ባሕሩ ጋ የሄድን ቀን ሣልስቱ ነበር?"

"አዎ እማዬ።"

"ያቺ ሴት ታውቅ ነበር?"

"ነግሬያት ነበር።"

"ለእሷ ነገርሻት" አለች።

"አንቺ ራስሽ ደግ አድርገዋል አላልሽም? እናት በሰው አገር አትረዳም አላልሽም?" አልኩ። ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

"የሰው እናት መስላኝ ነዋ" አለችኝ። "እግዚአብሔር ያቺን ሴት ይስጣት። ለልጄ በሣልስቱ ያስለቀሰችኝ እሷ ናት። ገና ሳልጠግብ እጄን ይዘሽ ያስነሳሽኝ አንቺ ነሽ።" ይቅርታ ልላት ስጀምር አቋረጠችኝ። "የእኔ ቀን ሲደርስ ለአንቺ ሽማግሌ አይላክም። ለሁሉም ነግሬያለሁ።" ከዚያ ልጄ ጥርስ አወጣ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አወጣ አልኳት። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም፤ እኔ ግን እርግማን ነው ብዬ ዓመታት ተሸክሜው ኖርኩ።

ልጄ ሦስተኛ ክፍል በነበረበት ዓመት፣ እዚያው መጦሪያው ስሠራ፣ የምሳ ሰዓቴ ላይ የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ነበርኩ።

"ብቻሽን ነሽ?" አለችኝ።

"አዎ፣ ምነው?"

"ይቅር በዪኝ። እንዲህ አድርጊ ብላ አስምላኝ ነው። እናትሽ ከአንድ ሰዓት በፊት አርፋለች። ለአጎትሽ አልነገርንም፤ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። ቀብሯን እንዳናቆይ አዝዛለች፤ ለሣልስቱ ግን ትደርሳለች ብላለች።"

የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። በሁለት መኪና መሐል አስፋልቱ ላይ ወድቄ፣ ዩኒፎርሜን ለብሼ ብቻዬን ጮህኩ። ዘበኛው ሮጦ መጥቶ "ማም፣ ማም" ይለኛል። ያን ቀን ማታ ከደለስ ተነሳሁ።

ለሣልስቱ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ እስኪመሽ አለቀስኩላት፤ እጄን ይዞ ያስነሳኝ ሰው አልነበረም።